ባለቤቴ አዲስ አበባ፣ እኔ ሀዋሳ፣ ልጅ ሊመጣ ነው፣ ቤታችንን የት እናድርግ?

የሐይቅ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ ዘመዱም ጓደኛውም ሁሉ አንድ ወገን ይዞ ስለሚያወራኝ ነው እዚህ የመጣሁት። እኔ ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ስንጋባ "ለጊዜው ነው፣ አንዳችን ዝውውር እናገኛለን" ብለን ነበር፣ ይኸው።

እንዴት ነው የምትገናኙት ካላችሁ፣ እሱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስራ አለው፣ ተራ የማይደርሰው በየሁለት ሳምንቱ ነው፣ ያን ቀን ከለሊቱ 12 ሰዓት ከጀሞ ተነስቶ ቃሊቲ ሄዶ መኪና ይዞ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 5 ሰዓት አካባቢ ይደርስልኛል፣ እሁድ ምሳ በልተን 8 ሰዓት ይወጣል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደመርኩት፣ 27 ሰዓት ነው። በወር 54 ሰዓት ማለት ነው፣ እንቅልፉን ቀንሱበት፣ ሰፈር ለቅሶ ካለ ለቅሶ መድረሱን ቀንሱበት፣ እኔ ፈተና የማርምበትን ቀንሱበት።

አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ ተመስገን። ነገሩ ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው ያስጨነቀኝ። የኔም የሱም ቤተሰብ "ሴት ልጅ ባሏን ነው የምትከተለው፣ ስራሽን ልቀቂና ግቢ" ይላሉ። እሱ ራሱ እንደዛ አላለኝም፣ እንዲያውም የሱ ሀሳብ ባቱ እንከራይ ነው፣ መሃል ላይ ናት፣ እኔም እሱም ማታ ማታ እንገባለን ይላል። ካርታው ላይ ሳየው ልክ ይመስላል። ሶስተኛው እሱ ወደዚህ ዝውውር ይጠይቅ የሚለው ነው ግን ዋናው መሥሪያ ቤት መስራት ለሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ያን እንዲተው መጠየቅ ከበደኝ። አዲስ አበባ 17 ሺህ እኔ እዚህ አቶቴ 8 ሺህ ኪራይ እንከፍላለን፣ ሁለት ቤት ሁለት ፍሪጅ ሁለት ጋዝ።

ያለፋችሁበት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

ካዛንቺስ22

እህቴ ወደ አዲስ አበባ ነይ። መምህር ነሽ፣ የግል ኮሌጅ በየመንደሩ አለ፣ ስራ አይጠፋም። ትዳር በስልክ አይሆንም።

ቻክና_ዳስተር

ከላይ ያለውን ሀሳብ አከብራለሁ ግን እኔ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። እኔ ጅማ አስተምራለሁ፣ ባለቤቴ ባህር ዳር ሌክቸረር ነበረች፣ እኔን ብላ ለቃ መጣች፣ የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ያኔ ሁላችንም "እዚህ ትቀጠሪያለሽ" ነበር ያልናት፣ እኔም ጭምር። ቅጥር ማስታወቂያ በሷ ፊልድ እስኪወጣ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ቆየ፣ ሲወጣ ደግሞ አንድ ሰው ነበር የሚፈልጉት፣ አላለፈችም። ከዛ የግል ኮሌጅ በሰዓት እየተከፈላት፣ ሴሚስተር ሲያልቅ ደሞዙም የሚያልቅበት ስራ። ስለ ገንዘቡ አይደለም የምለው። አብረዋት የነበሩት አሁን ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ሲመጡ ስታይ ፊቷን አይቼዋለሁ። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፣ እኔ ግን እድሜ ልኬን የምሸከመው ነገር ነው። እህት፣ ደመወዝ የሌለው ፈቃድ ይሁን የትምህርት ፈቃድ ይሁን የሆነ ክር ሳትይዢ እንዳትለቂ። ዶክትሬትሽን አዲስ አበባ ለመማር ብታመለክቺ አንዱ መንገድ ነው፣ ከዛ በኋላ ተመልሰሽ የምታገለግይበት ግዴታ እንዳለ ብቻ እወቂ፣ ያንን ሳያነቡ የሚፈርሙ ብዙ አይቻለሁ።

የሐይቅ_ማዶ

@ቻክና_ዳስተር ስላካፈልከኝ አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ለባለቤትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። የዶክትሬቱን ነገር አስቤው ነበር ግን አራስ ሆኖ መጀመር... እስቲ እናያለን።

ቡልቡላ_መንገድ

ስለ ባቱ እኔ ልናገር ምክንያቱም ኖሬበታለሁ፣ በትክክል ባልሽው ምክንያት። እኔ ቢሾፍቱ ነው የምሰራው፣ ባለቤቴ ሻሸመኔ ነበረች፣ እኛም ካርታ ዘርግተን መሃሉን ፈለግን፣ ባቱ። 14 ወር ኖርን።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን እርሺው። ከኔ በኩል ያለው መንገድ ጥሩ ነበር፣ ከሞጆ በመቂ ባቱ የሚመጣው የክፍያ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ሰው ሳይገባበት ከብት ሳይገባበት ሽው ነው። ከሷ በኩል ግን እኛ በነበርንበት ጊዜ አሮጌው መንገድ ነው፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። ጋሪው አለ ባጃጁ አለ ከብቱ አለ፣ ገበያ ቀን ከሆነ ነገሌን ለማለፍ ብቻ ስንት ደቂቃ ቆመናል። የኔ 115 ኪሎ ሜትር ከሷ 90 ኪሎ ሜትር ያጥር ነበር በሰዓት። ስለዚህ "መሃል" የሚባለው መሃል አልነበረም፣ በየቀኑ ተጎድታ የምትገባው እሷ ነበረች፣ ይሄንን ለመቀበል እኔ ስድስት ወር ፈጀብኝ። አንቺ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነሽ።

የናንተ ከኛም ይረዝማል። ባቱ ከአዲስ አበባ ወደ 160 ነው፣ ከሀዋሳ ከ110 በላይ። እሱ የክፍያ መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያወርደዋል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ቃሊቲን ማለፍ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ከባቱ ቱሉ ዲምቱ የወሰደበትን ያህል ከተማ ውስጥ ሊወስድበት ይችላል። በየቀኑ! ሰው አይችለውም፣ መኪናም አይችለውም፣ ነዳጁ ከኪራዩ ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ማንም አልነገረንም፣ ባቱ ውስጥ ማንንም አናውቅም ነበር። ማታ 2 ሰዓት ገብተን ጠዋት 11 ተኩል የምንወጣ ሰዎች ከማን ጋር እንተዋወቃለን? ከተማዋ ምንም አይወጣላትም፣ ሐይቁ አለ፣ አሳው አለ፣ ሰው ደግ ነው። እኛ ግን አልኖርንባትም፣ አደርንባት። ባለቤቴ ታማ አንድ ሌሊት ጎረቤት ማንኳኳት ፈልጌ ስማቸውን አላውቀውም ነበር። ያን ሌሊት ነው የወሰንነው፣ አሁን ሁለታችንም ሻሸመኔ ነን፣ እኔ በሳምንት ሶስት ቀን ቢሾፍቱ አክስቴ ጋ አድራለሁ።

ፍሬድሪክስበርግ

ይሄን ሳነብ ገረመኝ፣ ሀገሩ ይለያይ እንጂ ታሪኩ የኛ ነው። እኛ ቨርጂኒያ ነን፣ ባለቤቴ ሪችመንድ መጋዘን ሱፐርቫይዘር ነው እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነርሲንግ ሆም ነበር የምሰራው። መሃል ላይ ፍሬድሪክስበርግ ተከራየን፣ አይ 95 ላይ ሁለታችንም በተቃራኒ አቅጣጫ። የዚህን መንገድ ትራፊክ የሚያውቅ ያውቀዋል። የልጃችን ዴይኬር የሚዘጋው በፈረንጆቹ ሰዓት ማታ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ አንድም ቀን በሰላም አልደረስንበትም፣ በየደቂቃው ይቀጣሉ፣ ልጄ የመጨረሻዋ ሆና ጃኬቷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር የማገኛት። ቤተክርስቲያናችን ሩቅ፣ ጓደኞቻችን ሁሉ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ክርስትና ስናነሳ ሰው ለመምጣት እንኳ ተቸገረ። የ@ቡልቡላ_መንገድን "አደርንባት" የምትለዋን ሳነብ እንባዬ መጣ። በመጨረሻ እኔ ሪችመንድ ሆስፒታል አገኘሁና ወደሱ ገባን። የነርስ ስራ የትም ስላለ ነው ግን፣ ሁሉም ስራ እንደዛ አይደለም፣ ያንቺ እንደዛ ካልሆነ የኔን አትከተዪ።

ደረቅ_ማህተም

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሙያዬ ሕግ ነው። "ሴት ባሏን ትከተላለች" የሚለው ልማድ ብቻ አልነበረም፣ ሕግም ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር፣ መኖሪያውንም የሚመርጠው እሱ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይሄንን ሰርዞታል፣ አሁን የጋራ መኖሪያቸውን የሚወስኑት ባልና ሚስት በስምምነት ነው። ለተወሰነም ላልተወሰነም ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማትም ይችላሉ፣ ትዳሩ አይናጋም። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ እንዳላቸው ሳልዘነጋ ነው። ይሄን የምጽፈው ፍርድ ቤት ሂጂ ለማለት አይደለም፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ "ሕጉም ሥርዓቱም ይሄ ነው" የሚል አጎት አይጠፋምና መልስ እንዲኖርሽ ብዬ ነው።

የአዲስ አበባውን ቤት የምትለቁ ከሆነ ውሉን እዩት፣ በ2016 በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ ቀድሞ ለመልቀቅ ግን ተከራይ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ለቅቆ ከወጣ በኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ ወረዳ ላይ የተመዘገበውንም ያዘጉ።

ካዛንቺስ22

እሺ የኔ ሀሳብ ችኮላ ነበር፣ የ@ቻክና_ዳስተርን ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ነው የቆየሁት። ግን ጥያቄ አለኝ፣ ለምንድነው ባልየው ጋ ሲደርስ ሁላችንም "ከበደኝ" የምንለው? እሱ ተጠይቋል ወይ?

ሰኔ30

ልክ ነው፣ እኔም እሱን ልል ነበር። እኔ ራሴ ባንክ ነኝ ከዋና መሥሪያ ቤት ወደ ዲስትሪክት (የአካባቢውን ቅርንጫፎች የሚመራው ቢሮ) የወረድኩ፣ በራሴ ጥያቄ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋጋ አለው። ሲስተሙ ያለው ዋናው ጋ ነው፣ አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ አጠገብ ያለውን ነው የሚጠሩት፣ ዲስትሪክት ስትሆን ቅርንጫፍ ኔትወርክ ተቋረጠ ፕሪንተር አልሰራም ትሆናለህ። ደረጃህ ያው ነው ደሞዝህም ያው ነው ግን ውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ፈተናው አዲስ አበባ፣ ኢንተርቪው አዲስ አበባ፣ እንግዲህ ያንን ማወቅ አለበት። እኔ ሁለት ዓመት ዘገየሁ ከእኩዮቼ። ሆኖም ልጄ መዳህ ስትጀምር ቤት ነበርኩ፣ ይሄን በምንም አልቀይረውም።

እንዴት ይጠይቅ ካልሽ፦ በቃል አይጠይቅ፣ በጽሑፍ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት ከወሳኝ ኩነት የወጣውን አያይዞ (የሽማግሌዎቹ ፊርማ ያለበት ውል ብቻ እኛ ጋ አይቀበሉትም ነበር)፣ ያንቺን የሥራ ቦታ ማስረጃና የክትትል ካርድሽን ኮፒ አያይዞ። ጊዜውም ወሳኝ ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ የሰው ኃይል እቅድ ከዛ በፊት ነው የሚሰራው፣ ሐምሌ ላይ የጠየቀ ሰው "ቦታ የለም" ነው የሚባለው። እኔ ሚያዝያ ላይ አስገብቼ ነሐሴ ላይ ነው የወጣልኝ። ቅርንጫፍ ሳይሆን ዲስትሪክት ብሎ ለይቶ ይጠይቅ።

አዋላጇ

ሁላችሁም ስለ መንገድና ስለ ስራ ነው ያወራችሁት፣ እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ስለ ሰውነትሽ ልጠይቅሽ። ክትትልሽን የት ነው የምታደርጊው? አንድ ቦታ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ነው የሚለው፣ ሁለት ከተማ ላይ ሁለት ካርድ ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ፣ አንዱ ጋ የታየው የደም ግፊት ሌላው ጋ አይታወቅም፣ ምጥ ሲመጣ የት እንደምትወልድ ቤተሰቡ ይጨቃጨቃል። ዛሬውኑ ወስኚ። ሀዋሳም ባቱም ወባ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው፣ አጎበር ውስጥ ተኚ፣ ትኩሳት ከተሰማሽ ነገ አትበይ።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን በኋላ 90 ቀን ነው፣ ለአባት 3 ቀን። ሶስት! ባንክ የሚሰራ ከሆነ የዓመት ፈቃዱን ከአሁኑ ያጠራቅም፣ አንድም ቀን አያባክን። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ነው የምንለው፣ ስራ የምትመለሺው ሶስት ወር ላይ ነው፣ የቀሩትን ሶስት ወራት ከክፍል ወጥተሽ አጥብተሽ የምትመለሺበት ርቀት ላይ መሆን አለብሽ።

እኔ ሁልጊዜ እናቶችን የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ። ረቡዕ ማታ 5 ሰዓት ልጁን ቢያተኩሰው አጠገብሽ ማን አለ? ቅዳሜና እሁድን አይደለም የምጠይቅሽ፣ ያኔ ሰው አይጠፋም። ረቡዕ ማታ።

የሐይቅ_ማዶ

@አዋላጇ ይሄን ጥያቄሽን ካነበብኩ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለሁሉም ከተማ መልሼ አየሁት። አዲስ አበባ ረቡዕ ማታ፣ እሱ አለ ግን ሲስተም ሲቆም ሌሊት ይጠራል፣ የኔ ሰው ማንም የለም። ባቱ ረቡዕ ማታ ማንም የለም፣ ምናልባት ሁለታችንም መንገድ ላይ ነን። ሀዋሳ ረቡዕ ማታ እሱ የለም፣ ግን ጎረቤቶቼ አሉ፣ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ሶስተኛው ቤት ናት፣ እናቴ ይርጋለም ናት፣ አንድ ሰዓት አይሞላም።

እትዬ_ባቡር_ጣቢያ

ልጄ፣ ልጄ ነው ይሄንን የሚጽፍልኝ እኔ እየነገርኩት። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ድሬዳዋ። እኔ ደብረ ዘይት አስተማሪ ነበርኩ። 11 ዓመት በባቡር እየተመላለሰ ነው ልጆች ያሳደግነው፣ ስልክ የለም፣ ባቡሩ ዘገየ ከተባለ ዘገየ ነው፣ ጣቢያ ሄጄ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ከባድ ነበር፣ አልዋሽሽም። ትንሹ ልጄ አባቱ በገባ ቁጥር ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ "መቼ ነው የምትሄደው?" ይለው ነበር። አባቱ ይሄን አንድም ቀን አልረሳውም፣ እስኪሞት ያነሳው ነበር።

ግን አንድ ነገር ነበረን፣ ቤታችን የት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ደብረ ዘይት ነው። እድራችን እዛ፣ ማህበሩ እዛ፣ እሱም ድሬዳዋ የሚያድርበት እንጂ ቤት አላደራጀም፣ አንድ አልጋና አንድ ሳጥን ነበር ያለው። ሲመጣ እንግዳ ሆኖ አልነበረም የሚመጣው፣ የበሩን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። እናንተ ግማሽ ግማሽ ቤት ነው ያላችሁ መሰለኝ። እድር የት ነው የገባችሁት?

የሐይቅ_ማዶ

@እትዬ_ባቡር_ጣቢያ እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎ። እድር የትም አልገባንም። "ስንረጋጋ እንገባለን" እያልን።

ቡልቡላ_መንገድ

እኛም ባቱ እያለን እንደዛው ነበርን እማማ፣ ልክ ነዎት።

የሐይቅ_ማዶ

ከሶስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ ቆየሁ፣ ግን እየተነጋገርን ነበር።

ይሄን ውይይት በሙሉ እንዲያነበው ለባለቤቴ ላክሁለት። በስልክ ምንም አላለም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ነው ያወራነው። የ@ካዛንቺስ22ን ጥያቄ፣ "እሱ ተጠይቋል ወይ" የምትለዋን፣ ራሱ ነው ያነሳው፣ "እኔ እኮ አንቺ እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ ነው ባቱን ያመጣሁት" አለኝ። እኔም ላለመጠየቅ ነበር ባቱን ሳስብ የከረምኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስ በርስ እንዳንጎዳዳ ብለን ዋናውን ነገር ሳናወራው፣ አለቀስኩ፣ እሱም።

ቤታችን ሀዋሳ ነው። እሱ ለዲስትሪክቱ አመልክቷል፣ @ሰኔ30 እንዳልከው በጽሑፍ፣ የወሳኝ ኩነቱን አያይዞ። ሊፈቀድም ላይፈቀድም ይችላል፣ ተነጋግረንበታል፣ ካልተፈቀደ አንድ ዓመት ጠብቀን እኔ የዶክትሬቱን መንገድ እሞክራለሁ፣ ያኔ ደግሞ የምንቀሳቀሰው እኔና ልጁ እንሆናለን። ጽፈን ነው ያስቀመጥነው፣ ቀን አድርገንበት። የጀሞውን ቤት ለአከራዩ በጽሑፍ አሳወቀ፣ እስከዛው ለቡ ወንድሙ ጋ አንድ ክፍል ይገባል፣ እማማ እንዳሉት አንድ አልጋና አንድ ሳጥን። የተረፈውን ኪራይ ለሱ የመንገድና ለሞግዚት ነው የመደብነው። የዓመት ፈቃዱን 14 ቀን አለው፣ ከሶስቱ ቀን ጋር ቀጥሎ ይወስደዋል።

እናቴ በስምንተኛው ወር ትመጣለች፣ የገንፎውን እህል ከአሁኑ ማዘጋጀት ጀምራለች ብለው እህቶቼ ይነግሩኛል። እድሩንም ባለፈው እሁድ ተመዘገብን፣ በሁለታችንም ስም፣ መመዝገቢያውን ከፍሎ ስሙን ራሱ ነው የጻፈው።

እቃው የፊታችን ሐሙስ በአይሱዙ ይመጣል። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አሁን ያለሁበት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው እየከበደኝ ነው፣ አቶቴ ወይም ታቦር አካባቢ ምድር ላይ ያለ ሁለት ክፍል ውሃ የማይጠፋበት ቤት የምታውቁ ካላችሁ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

አዋላጇ

ታቦር በኩል አንድ አውቃለሁ፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ አለው። ውስጥ መስመር ጻፍኩልሽ፣ እዪው።